ዐይኑን ፈልጉ፦ የተክል ክፍሎችን በአንድ ባቄላ የማጥናት መመሪያ

ባለፈው ዓመት የጎረቤቴ ልጅ ለፈተና ስታጠና ሰማኋት። «ሥር ውሃ ይስባል፤ ግንድ ያስተላልፋል፤ ቅጠል ምግብ ያዘጋጃል» እያለች እንደ መዝሙር ትደግመዋለች። እናቷ ድንች እየላጠች ነበር። አንዱን አነሳሁና «ይሄስ ምኑ ነው?» አልኳት። «ሥር ነዋ!» አለች፣ ሳታመነታ። አልፈረድኩባትም። እኔም በልጅነቴ ፈተና ላይ እንደዚያው ጽፌ ራይት ተደርጎልኛል።

ድንች ግን ሥር አይደለም። ግንድ ነው። ይሄን ያወቅሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ዐይኑን በማየት ነው። ድንች ዐይን አለው፤ ከዐይኑ ቅርንጫፍ ይወጣል። ሥር ደግሞ ዐይን የለውም። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድን የተክል ክፍል ለመለየት የት እንደተቀመጠ አልጠይቅም። ዐይኑ የት እንዳለ ነው የምፈልገው።

ይህ መመሪያ ያንን አሠራር ከዘር እስከ እሸት በአንድ ባቄላ ላይ ያሳያችኋል። ባቄላን የመረጥኩት እዚህ ደብረ ብርሃን አካባቢ በየጓሮው ስላለ ነው። ክፍሎቹም ትልልቅ ናቸው፤ ያለ ማጉያ መሣሪያ ይታያሉ። ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው፤ ወይ ለራሳችሁ ሥሩት።

የሚያስፈልገው ነገር ብዙ አይደለም። አንድ እፍኝ ደረቅ ባቄላ፣ ጥቂት ገብስ፣ የመስታወት ብርጭቆ፣ ሶፍት፣ ምላጭ፣ መርፌ፣ ክር፣ ፌስታል፣ የምግብ ቀለም ወይም ቀይ የብዕር ቀለም። ከፋርማሲ አልኮልና አዮዲን። ማጉያ መነጽር ካላችሁ ጥሩ፤ ከሌለ የስልካችሁ ካሜራ ይበቃል። ባቄላውን ከእህል ገበያ ግዙ። የተሰነጠቀና ነቀዝ የበላው አይሁን። ቀይ ወይም ሮዝ ቀለም የተቀባ ዘር ካጋጠማችሁ መድኃኒት የነካው ነውና ለልጅ እጅ አትስጡት።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ሰኔ ላይ ጓሯችሁ ውስጥ ወይም ታቹ በተበሳ የቀለም ባልዲ ውስጥ አሥር ፍሬ ያህል ዝሩ። ጥልቀቱ አራት ጣት ይሁን። ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ አበባ ይኖራችኋል። ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ ይመጣል፤ ዘግይቶ የተዘራ ባቄላ አበባውን ውርጭ ይመታዋል። ጣርማ በርን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት የምትኖሩ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሮቢት 1300 ሜትር ገደማ። ባቄላ እዚያ ሙቀቱን አይወድላችሁም። በማሾ ወይም በቦሎቄ ሥሩት።

አንደኛ፦ ዘሩን ዘፍዝፉና ክፈቱት

ጥቂት ባቄላ ማታ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉ። የጠጣው ባቄላ ሲያብጥ ቅርፊቱ ይለሰልሳል። ከመላጣችሁ በፊት አንዷን በደንብ ጠርጉና አንደኛው ጫፏ ላይ ያለውን ጥቁር ጠባሳ እዩ። ይህ እትብቷ ነው። የእናት እትብት የሚባለው ነገር በባቄላ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እሸቱን ስንከፍት ታዩታላችሁ። አሁን ባቄላዋን በሁለት ጣት ጫን ጫን አድርጉ። ከጠባሳው ዳር ከአንዲት ቀዳዳ የውሃ ነጠብጣብ ብቅ ይላል። ዘሩ ውሃ ከሚያስገባባቸው በሮች አንዷ ይህች ናት።

ቅርፊቱን ላጡ። ሁለቱ ክክ ይከፈታሉ። ለሽሮና ለክክ ወጥ የምንጠቀምበት ያ ክክ፣ ለተክሉ ስንቅ ነው። በሁለቱ ክኮች መካከል ዳር ላይ አንዲት ጎበጥ ያለች ነጭ ነገር ተጣብቃለች። ያቺ ናት ባቄላዋ። ወደ ውጭ የሾለው ጫፏ ሥር ይሆናል፤ ወደ ውስጥ የታጠፈው ግንድና ቅጠል። በማጉያ ካያችኋት የታጠፉ ጥቃቅን ቅጠሎች አሏት። ቀሪው ሁሉ ምግብ ነው። አዮዲን ጠብ አድርጉበት፤ ክኩ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል። ያ ማለት ስታርች አለበት ማለት ነው።

ይሄን እናቶቻችን ከማንም በላይ ያውቁታል። ብቅል ሲያበቅሉ ገብሱን ዘፍዝፈው፣ በቅጠል ሸፍነው፣ ሥር ሲያወጣ ያደርቁታል። ለምን? ፅንሱ ሲነቃ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቀይሩ ኢንዛይሞችን ያስነሳል። ጠላው የሚፈላው በዚያ ስኳር ነው። ገብሱ ስንቁን ለራሱ ሊበላ ሲከፍተው እኛ ቀደም እንለዋለን። ጥሬ ገብስና ብቅል ጎን ለጎን አኝኩ፤ ብቅሉ ጣፈጥ ይላል። ከዚህ የተሻለ የላብራቶሪ ሙከራ አላውቅም።

ገብሱን ለሁለት ክክ ለመክፈት ግን አትድከሙ። አይከፈትም። ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍና በቆሎ አንድ ክክ ብቻ ያላቸው ናቸው፤ ባቄላ፣ ሽምብራና ጎመን ባለ ሁለት።

ሁለተኛ፦ ሥሩ ወዴት እንደሚሄድ ተከታተሉ

ብርጭቆውን በሶፍት ሙሉትና አርጥቡት። ሦስት ባቄላ በመስታወቱና በሶፍቱ መካከል ሽጉጡ። አንዷን እትብቷ ወደ ላይ፣ አንዷን ወደ ታች፣ አንዷን ወደ ጎን አድርጉ። ሶፍቱ እንዳይደርቅ ጠብቁ፤ ውሃ ግን አይቁም። የታፈነ ዘር ይሸታል፤ አየር ይፈልጋል። በደብረ ብርሃን ብርድ ሥር ለማየት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ማጀት ምድጃ አጠገብ ብታስቀምጡት ይፈጥናል።

ሦስቱም ሥራቸውን ወደ ታች ይልካሉ። ባቄላዋ ተገልብጣ ብትቀመጥም ሥሩ ዞሮ ይወርዳል። ከዚያ ብርጭቆውን በጎኑ አስተኙትና በማግስቱ እዩ። ጫፉ እንደገና ታጥፎ መሬት መሬት ያያል። ስለዚህ ባቄላ ስትዘሩ የቱን ጎን ወደ ላይ ላድርግ ብላችሁ አትጨነቁ።

ሥሩ ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሲደርስ አንድ ሙከራ ጨምሩ። ከጫፉ ጀምራችሁ በየሁለት ሚሊ ሜትሩ በእስክሪብቶ ነጥብ አድርጉ። በማግስቱ ነጥቦቹን ተመልከቱ። ላይኛዎቹ እንደነበሩ ናቸው። ከጫፉ ትንሽ ከፍ ያሉት ብቻ ተራርቀዋል። ሥር እንደ ጎማ ሙሉ በሙሉ አይለጠጥም፤ የሚያድገው ከጫፉ ጀርባ ባለች ትንሽ ቦታ ነው። ያቺን ጫፍ ከቆረጣችኋት በዚያ መስመር መርዘሙ ያበቃል፤ በምትኩ ከጎን ሌሎች ይወጣሉ።

አሁን ወደ ገብሱ። እርጥብ ጨርቅ ላይ ያበቀላችሁት ገብስ ሥሮቹ ላይ ነጭ ፀጉር ታያላችሁ። ብዙ ሰው «ሻገተ» ብሎ ይደፋዋል። ውሃ ረጭ አድርጉበት። ፀጉሩ ሥሩ ላይ ተለጥፎ ከጠፋና ሽታ ከሌለው ሻጋታ አይደለም፤ የሥር ፀጉር ነው። ውሃና ማዕድን በአብዛኛው የሚገባው በዚህ በኩል ነው። በጣም ስስ ነው፤ በጣት ሲነካ ይበጠሳል። የሽንኩርት ወይም የጎመን ችግኝ ስናዛውር የሚጠወልገው በዚህ ምክንያት ነው። ወፍራሙ ሥር ቢተርፍም ፀጉሩ አፈር ላይ ይቀራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከነአፈሩ አንሱት፣ ፀሐይ ሲበርድ ትከሉት፣ ወዲያው አጠጡት።

ሦስተኛ፦ አትንቀሉ፤ ቆፍሩ

ነሐሴ ላይ አንድ ተክል መሥዋዕት አድርጉ። የራሳችሁን ማለቴ ነው። ከመንገድ ዳር ማሳ እሸት የቀጠፈ መንገደኛን ብዙም አይቆጡትም፤ ተክሉን ነቅሎ በሣፋ የሚያጥበውን ግን ምን እንደሚሉት እንጃ።

እኔ የመጀመሪያውን ጊዜ በእጄ ጎተትኩትና ግማሹ ሥር አፈር ውስጥ ቀረ። እናንተ በአካፋ ዙሪያውን አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብላችሁ ቆፍሩ። ከነጓሉ አውጡና ባልዲ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት። ግማሽ ሰዓት ካረፈ በኋላ ቀስ እያላችሁ እጠቡት።

መሐል ላይ አንድ ወፍራም ዋና ሥር ወርዷል፤ ከጎኑ ቀጫጭኖቹ ይወጣሉ። ከገብስ ሥር ጋር አስተያዩት። ገብስ ዋና ሥር የለውም፤ ሁሉም እንደ ፂም እኩል ናቸው። ባቄላው ወደ ታች ይጠልቃል፤ ገብሱ የላይኛውን አፈር ጨብጦ ይይዛል። ተዳፋት ላይ ሣር አፈርን ከጎርፍ የሚያድነው በዚህ ነው።

ባቄላው ሥር ላይ ግን ሌላም ነገር አለ። እንደ ዶቃ የተሰኩ ጉብ ጉብ ያሉ እብጠቶች። በሽታ እንዳይመስላችሁ። አንዱን በምላጭ ክፈቱት። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ በሥራ ላይ ነው። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ አርጅቷል፤ ነጭ ከሆነ ገና ነው። ውስጡ ራይዞቢየም የሚባሉ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ከአየር ላይ ናይትሮጂን ወስደው ተክሉ ሊጠቀምበት ወደሚችል ነገር ይለውጡታል። ባቄላው በምላሹ ስኳር ይከፍላቸዋል። ቀይ የሚያደርገው ነገር በእኛ ደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ዘመዳሞች ናቸው።

ገበሬው ዘንድሮ ባቄላ በዘራበት ላይ በሚቀጥለው ዓመት ገብስ ወይም ስንዴ የሚያደርገው ያለ ነገር አይደለም። ሥሩና ገለባው ሲበሰብስ ናይትሮጂኑ ለተከታዩ ሰብል ይደርሳል። ስለዚህ ጓሯችሁ ውስጥ ባቄላ ሲያልቅ ከነሥሩ መንግላችሁ አትጣሉት። ከመሬት ላይ እጨዱት፤ ሥሩ እዚያው ይቅር።

አራተኛ፦ ግንዱንና ዐይኑን ተማሩ

የዚህ መመሪያ ልብ እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ቀስ እንበል።

የባቄላውን ግንድ ዳስሱት። አራት ማዕዘን ነው። ቁረጡት፤ ውስጡ ክፍት ነው። ቅጠል ከግንድ የሚወጣበትን ቦታ ፈልጉ፤ አንጓ ይባላል። አሁን በቅጠሉና በግንዱ መካከል ያለውን ብብት እዩ። አንዲት ትንሽ እንቡጥ አለች። ዐይን የምለው እሷን ነው። ከዐይን አዲስ ቅርንጫፍ ወይም አበባ ይወጣል። ግንድ ማለት አንጓና ዐይን ያለው ማለት ነው። ቅጠል ማለት በብብቱ ዐይን የተቀመጠበት። ሥር ማለት በተራ የተደረደረ ዐይን የሌለው። ሕጉ ይኸው ነው።

በሕጉ የአትክልት ቅርጫታችሁን ፈትሹ። ድንችን አንሱ። ዐይኖቹ በዘፈቀደ አልተቀመጡም፤ እየዞሩ ይወጣሉ፣ አንደኛው ጫፍ ላይ ይበዛሉ። በየዐይኑ ሥር ቅንድብ የመሰለ ጠባሳ አለ። ያ የጠፋ ቅጠል ቦታ ነው። ድንች ምግብ ያጨቀ፣ ያጠረና የወፈረ ግንድ ነው። ብርሃን ካገኘም እንደ ግንድ አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴ የሆነውን አትብሉት፤ አብሮት ሶላኒን የሚባል መርዝ ይበዛበታል። ለዘር ከሆነ ግን ብርሃኑ ይጠቅማል። የዘር ድንች ጨለማ ውስጥ ከተቀመጠ ነጭ፣ ረጅምና ተሰባሪ ቡቃያ ያወጣል። ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው፣ ብርሃን ባለበት መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ቡቃያው አጭርና ጠንካራ ይሆናል። ድንች ሲበቅል አፈር የምናስታቅፈውም ግንድ ስለሆነ ነው። ድንቹ የሚንጠለጠለው ከመሬት በታች ካለው ግንድ በሚወጡ ቅርንጫፎች ላይ ነው። ብዙ ግንድ ከተቀበረ ብዙ ቦታ ያገኛል።

ካሮትን ውሰዱ። ዐይን የለውም። ሥር ነው። አናቱ ላይ ብቻ ቅጠሉ የበቀለባት አጭር ግንድ አለች። አናቱን ቆርጣችሁ ውሃ ላይ ብታስቀምጡት ቅጠል ያወጣል፤ አዲስ ካሮት ግን አይሰጣችሁም። ስንቱ ልጅ ካሮት ቆርጦ ቀብሮ ጠብቋል መሰላችሁ። አንዱ እኔ ነኝ።

ሽንኩርትን በቁመቱ ለሁለት ክፈሉት። ከታች ያለችው ጠፍጣፋ መቀመጫ ናት ግንዱ። የምንከትፈው ሁሉ ቅጠል ነው። መሐል ላይ ዐይኑ አለ። ሽንኩርት ስትከትፉ መቀመጫዋን ከተዋችኋት ንብርብሩ የማይበተነው ሁሉም እዚያ ላይ ስለተተከሉ ነው። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ እያንዳንዷ ፍሬ ራሷን የቻለች ትልቅ ዐይን ናት። አንዷን ትተክላላችሁ፣ አንድ ራስ ታገኛላችሁ።

በለስ የሚያፈራው ቁልቋል ግራ ያጋባል። ጠፍጣፋው አረንጓዴ ነገር ቅጠል ይመስላል። እሾሁ የወጣበት ነጥብ ግን ዐይን ነው። ስለዚህ ጠፍጣፋው ግንድ ነው፤ እሾሁ ቅጠል የነበረ። ስኳር ድንችስ? ስሙ ያሳስታል እንጂ ሥር ነው። ከላዩ ላይ ቡቃያ ማውጣቱ እውነት ነው፤ ግን ቅንድብ ያለው ዐይን በተራ ተደርድሮ አታገኙበትም። ሕግ ያለ ልዩ ሁኔታ አይኖርም። ባሕር ዛፍ ግን ከሕጉ አይወጣም፤ ተቆርጦ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው ቅርፊቱ ሥር ተደብቀው የቆዩ ዐይኖች ስላሉት ነው።

አሁን የባቄላውን ጫፍ ቅጠፉ። አንድ ተክል ላይ ብቻ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከታች ያሉት ዐይኖች ይነቃሉ። ጫፉ እስካለ ድረስ በሆርሞን አፍኗቸው ነበር። ውርጭ ጫፉን የመታው ባቄላ ከሥር እንደገና ሲያቆጠቁጥ ያያችሁ ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው።

ሣር ግን ብልጥ ነው። ገብስና ሣር ገና ለጋ ሳሉ የሚያድጉበት ዐይን ከላይ ሳይሆን መሬት ጥግ ነው። ከብት ቅጠሉን ቢግጠው ዐይኑ ይተርፋል። ባቄላን ግን አንገቱን ብትቀነጥስ ጫፉ ሄደ። የመንዝ ጓሳን የምታውቁ አስቡት። ጓሳው ለቤት ክዳንና ለገመድ ታጭዶ ተመልሶ ይቆማል። ቢሆንም ዐይኑ መኖሩ ብቻውን አይበቃም። እንደገና ለማቆጥቆጥ ከታች የተጠራቀመ ስንቅ ያስፈልገዋል። በየጊዜው ከታጨደ ስንቁ ያልቃል። የጥንቱ የጓሳ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ በስምምነት ይከፍት የነበረው፣ ይህን ጉዳይ ሰዉ በዐይኑ አይቶ ስላወቀው ይመስለኛል።

የግንዱን ሌላ ሥራ በቀለም ታዩታላችሁ። አንድ ለጋ የባቄላ ጫፍ ውሃ ውስጥ እንዳለ በምላጭ ቁረጡና ቀለም ባለው ውሃ ውስጥ አቁሙት። ብርሃንና ነፋሻ ቦታ ይሁን። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ግንዱን አግድም ቁረጡ። ቀለሙ ሁሉንም አላጠበም፤ ዳር ዳር ላይ በነጠብጣብ ተሰልፏል። እነዚያ የውሃ ቧንቧዎች ናቸው፤ በትምህርት ቤት ዛይለም የምንላቸው። ከአጠገባቸው ደግሞ ስኳር የሚሄድባቸው ፍሎየም አሉ፤ እነሱ ቀለሙን አይስቡም። የዛፍ ፍሎየም ቅርፊቱ ውስጥ ነው ያለው። ዛፍን ዙሪያውን ቅርፊቱን ብትልጡት ቅጠሉ ወዲያው አይጠወልግም፤ ውሃው በእንጨቱ በኩል ይወጣላ። የሚራበው ሥሩ ነው። ቆይቶ ዛፉ ይሞታል። ለመድኃኒት ቅርፊት የምትልጡ ሰዎች እባካችሁ ዙሪያውን አትጨርሱት።

አምስተኛ፦ ቅጠሉን ሥራ ላይ ያዙት

በመጀመሪያ አንድ ቅጠል ስንት እንደሆነ እንስማማ። ባቄላ ላይ አንድ ላይ ተደርድረው የምታዩአቸው ትንንሽ ቅጠሎች ሁሉ አንድ ቅጠል ናቸው። እንዴት አውቃለሁ? በየትንንሾቹ ብብት ዐይን የለም። ዐይኑ ያለው ዋናው አገዳ ግንዱን በሚገናኝበት ላይ ብቻ ነው። የአተር ቅጠል ጫፉ ላይ ተጠምጣሚ ክር ያወጣል፤ ባቄላ ግን ራሱን ችሎ ስለሚቆም ክር የለውም።

ቅጠሉ መነሻ ላይ ጆሮ የመሰሉ ሁለት ትንንሾች አሉ። ገልብጣችሁ እዩ፤ ጥቁር ነጥብ አለባቸው። እዚያ ላይ ተክሉ ጣፋጭ ፈሳሽ ያወጣል። አበባ ሳይኖር ጉንዳን ባቄላው ላይ የሚመላለሰው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ጥቁሩን ነጥብ በሽታ ያደርገዋል። እኔም አድርጌው ነበር።

ጠዋት ላይ አንድ ቅርንጫፍ በፌስታል ሸፍናችሁ አፉን እሰሩ። እኩለ ቀን ላይ ፌስታሉ ውስጥ ውሃ ጠል ሠርቶ ታገኙታላችሁ። ቅጠሉ የተነፈሰው ነው። ውሃው የወጣው በጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው፤ ስቶማታ ይባላሉ። ለማየት ቅጠሉን አጥፋችሁ በቀስታ ቅደዱት፤ ከታችኛው ፊት ስስ ላስቲክ የመሰለ ቆዳ ይላጣል። ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ካለ ውሰዱት። እያንዳንዷን ቀዳዳ ሁለት ኩላሊት መሳይ ሴሎች እንደ ከንፈር ይጠብቋታል። ውሃ ሲጠግቡ ይከፈታሉ፤ ሲጠማቸው ይዘጋሉ።

ቀጥሎ የስታርች ሙከራው። ፀሐያማ ቀን ምረጡ። ከሁለት ቀን በፊት የአንዱን ቅጠል ግማሽ በአሉሚኒየም ወረቀት ሸፍኑ። ከሰዓት በኋላ ቅጠሉን ቅጠፉና ለአንድ ደቂቃ በፈላ ውሃ ንከሩት። ከዚያ እሳቱን አጥፉ። ይህን ሳታደርጉ ወደ ቀጣዩ አትሂዱ። እኔ አልኮሉን ምድጃው አጠገብ ስከፍተው እሳት ያዘውና ጠረጴዛዬ ላይ እስካሁን ምልክት አለ። አልኮሉን በብርጭቆ አድርጉና ብርጭቆውን ሙቅ ውሃ ባለበት ጎድጓዳ ሣህን ውስጥ አስቀምጡት። ቅጠሉን ክተቱበት። አረንጓዴው ቀለም ቀስ ብሎ ወደ አልኮሉ ይወጣል፤ ቅጠሉ ይነጣል። የደብረ ብርሃን አረቄ አይሆንም ወይ ላላችሁኝ፣ ውሃ ስለሚበዛበት ቀለሙን በደንብ አያወጣም። ለሌላ ጉዳይ አቆዩት።

የነጣውን ቅጠል በሙቅ ውሃ አለስልሱና አዮዲን ጠብ ጠብ አድርጉበት። ብርሃን ያገኘው ክፍል ይጠቁራል፤ የተሸፈነው የአዮዲኑን ቡናማ ቀለም እንደያዘ ይቀራል። ምግብ የሚሠራው ብርሃን ባለበት ብቻ እንደሆነ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል።

ቫን ሄልሞንት የሚባል የቤልጅግ አገር ሰው አንድ ሙከራ ሠርቶ ነበር። ጽሑፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1648 ነው። 200 ፓውንድ ደረቅ አፈር ውስጥ 5 ፓውንድ የሚመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለ። ለአምስት ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣው። ዛፉ 169 ፓውንድ ሆነ፤ አፈሩ የቀነሰው 2 አውንስ ያህል ብቻ ነው። እሱ ሁሉም ከውሃው የመጣ መሰለው። ግማሹን ነው ያገኘው። የቀረው ከአየር፣ በእነዚያ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የገባ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ባሕር ዛፍ ስትፈልጡ በአብዛኛው የምትፈልጡት አየርና ውሃ ነው ብላችሁ ለልጅ ንገሩት፤ አያምናችሁም።

ስድስተኛ፦ አበባውን በጣት ጫኑት

መስከረም ላይ፣ ጤዛው ሲደርቅ፣ አንድ ሙሉ በሙሉ የተከፈተ አበባ ምረጡ። ሳትቀጥፉት ጥቁር ነጥብ ያለባቸውን ሁለት ክንፎች በመርፌ ወይም በጣት ወደ ታች ጫን አድርጉ። ከመሐል ኩርባ ያለው ነገር ብቅ ይላል፤ ጣታችሁ ላይም ዱቄት ይተዋል። ንብ ስታርፍ የሚሆነው ይኸው ነው። ክብደቷ ክንፉን ይጫነዋል፤ ዱቄቱ ሆዷ ላይ ይቀባል፤ ወደ ሌላው አበባ ይዛው ትሄዳለች።

አሁን ቅጠፉትና ፈታቱት። ከኋላ የቆመው ትልቁ ነጭ፣ እንደ ባንዲራ ንብን ይጣራል። ሁለቱ ክንፎች ማረፊያ ናቸው። ከእነሱ ሥር ሁለት ተጣብቀው እንደ ጀልባ ቀፎ የሆኑት የውስጡን ይጠብቃሉ። ቀፎውን በመርፌ ክፈቱ። አሥር የወንዴ ክሮች አሉ፤ ዘጠኙ ተጣብቀው ቱቦ ሠርተዋል፣ አሥረኛው ለብቻው ነው። ንቧ ወደ ማሩ የምትገባው በዚያ ብቸኛው ክር አጠገብ ባለው ክፍተት ነው። ቱቦውን ስትገፉት አረንጓዴ፣ ጠፍጣፋ፣ ቀጭን ነገር ታገኛላችሁ። የእሸት ግልገል ናት። በምላጭ ሰንጥቋት። ነጥብ ነጥብ የሚመስሉት ነገ ባቄላ የሚሆኑት ናቸው።

በአንድ ተክል ላይ አበቦቹን ቁጠሩና ክር እሰሩባቸው። ከወር በኋላ ስንቱ እሸት እንደሆኑ እዩ። አብዛኛው ረግፎ ታገኙታላችሁ። አትደንግጡ፤ ባቄላ ሊመግብ ከሚችለው በላይ ያብባል። አበባ ላይ ሳለ መድኃኒት የምትረጩ ከሆነ ግን ንቦቹን አስቡ። ባቄላ ብቻውንም ፍሬ ሊይዝ ይችላል፤ ንብ ሲጎበኘው ግን በደንብ ይይዛል።

ሁሉም አበባ ወንድና ሴቱን አንድ ላይ አይዝም። በቆሎ ወንዱን አናቱ ላይ፣ ሴቷን ብብቱ ላይ ያደርጋል። የበቆሎው ፀጉር እያንዳንዱ ለአንዲት ፍሬ የተዘረጋ ነው፤ ዱቄት ያልደረሰው ፀጉር ፍሬዋን ባዶ ያስቀራታል። ጥርሱ የወለቀ እሸት በቆሎ የሚገጥማችሁ በዚህ ነው። የሮቢት ሰዎች ደግሞ ፓፓያችሁ በረጅም ተንጠልጣይ አገዳ ላይ ብዙ ትንንሽ አበባ እያወጣ ፍሬ ካልያዘ ወንድ ነው፤ ማዳበሪያ አትጨምሩለት። ወፍ ዋሻ ጫካ የምትሄዱም ኮሶውን ልብ በሉ። ወንዱና ሴቷ የተለያዩ ዛፎች ናቸው፤ የቀላው የሴቷ አበባ ነው።

ሰባተኛ፦ እሸቱን ክፈቱ

ጥቅምት አካባቢ የሞላ እሸት ቅጠፉ። ከመብላታችሁ በፊት ሁለቱን ጫፎች እዩ። መነሻው ላይ የአበባው አረንጓዴ ቀሚስ ደርቆ ቀርቷል፤ ጫፉ ላይ ያለችው ሹል፣ ዱቄቱን የተቀበለችው የሴቴዋ አንገት ቅሪት ናት። ቀፎው ራሱ ያቺ በምላጭ የሰነጠቃችኋት አረንጓዴ ነገር አድጋ ነው። በዕፀዋት ትምህርት ፍሬ የሚባለው ቀፎው ከነባቄላው ነው፤ ባቄላው ዘሩ ነው። በዚሁ አካሄድ ቲማቲምም ቃሪያም ዱባም ፍሬ ናቸው። ገበያ ላይ አትከራከሩበት።

በስፌቱ በኩል በጥፍራችሁ ክፈቱት። ባቄላዎቹ በሁለቱም ጎን አልተንጠለጠሉም፤ ሁሉም በአንዱ ስፌት ተሰልፈዋል። አንዷን ቀስ ብላችሁ ወደ ጎን ሳቧት። በአጭር ነጭ አገዳ ከቀፎው ጋር ተያይዛለች። ውሃውም ስኳሩም የሚደርሳት በዚያች አገዳ ነው። በጠሷት። አገዳዋ የነበረችበት ቦታ ላይ ጠባሳው ይታያል። ሲደርቅ ይጠቁራል፤ መጀመሪያ ቀን የዘፈዘፋችኋት ባቄላ ላይ ያያችሁት እትብት ነው።

ሁለት ሦስት እሸት ተክሉ ላይ ይድረቅ። ለቀጣዩ ሰኔ ዘር ይሆናችኋል። የቀረውን ጥበሱት።